ሰባት ክንድ

«ገጥሟል» አለ አባቷ፤ ቁልፉንም ተጫነ።

አልገጠመም። ሴት ልጁ ከጎኑ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ጣቶቹን ታይ ስለነበር አወቀችው። በዚያች አሮጌ ካሜራ ትንሽ መስኮት አሻግረው ሲያዩ፣ ፊት ለፊት የቆመው ሰው መሃሉ ላይ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ደማቅ፣ ሌላው እንደ ጥላ የሳሳ። የሌንሱን ቀለበት ቀስ አድርገው ሲያዞሩ ጥላው ተጠግቶ ተጠግቶ ባለቤቱ ላይ ይተኛል። ሁለቱ አንድ ሰው ሲሆኑ ርቀቱ ተገኘ ማለት ነው። አባቷ አርባ ዓመት ሙሉ እዚያች ቅጽበት ላይ ሲደርስ «ገጥሟል» ሲል ኖሯል፤ ሰፈሩ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ረስቶ «ጋሽ ገጥሟል» ያለውም በዚሁ የተነሳ ነው። አሁን ግን ፊት ለፊቱ ያለው ሽማግሌ ግንበኛ ከቆመበት ሳይለቅ አምስት ጊዜ ተነሳ፤ የአባቷ ጣት ደግሞ ቀለበቱን አምስት የተለያየ ቦታ ላይ አቆመው። እሷ ቀያሽ ናት። አንድ ቦታ የቆመ ሰው አምስት ርቀት እንደማይኖረው ለማወቅ መሣሪያ አያሻትም።

ከአምስት ወር በፊት፣ አንድ ጠዋት ጢሙን ሲላጭ፣ በቀኝ ዓይኑ ላይ መጋረጃ ወረደበት። ሐኪሙ ከዓይኑ ጀርባ ያለች ቀጭን የደም ሥር ተዘግታለች አለ፤ የሄደው ብርሃን እንደማይመለስም ሳይሸፋፍን ነገራቸው። የቀረው ግራ ዓይኑ ከልጅነቱ ጀምሮ ደካማ ነው። ሰው ይለያል፣ ደረጃ ያስወጣል ያስወርዳል፤ ቅርብና ሩቁ ግን ይምታታበታል። የፎቶ ቤቱ በር ላይ «ለጥቂት ቀን ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈ፤ ወረቀቱ ፀሐይ መትታው ገረጣ። ምን ያህል እንደሚታየው ማንም ደፍሮ አልጠየቀውም፤ እሱም አልተናገረም።

ትናንት ግን ግንበኛው መጥቶ የተዘጋውን በር አንኳኳ። ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፊደል የቆጠሩ ጓደኛሞች ናቸው። ኮቱ የተውሶ መስሎ ከትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሕመሙ ሥጋውን ጨርሶ አጥንቱ ላይ ደርሷል። ነገ ጠዋት ልጁ መጥቶ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሊወስደው ነው። ሰው ሁሉ «ስትመለስ» እያለ ያወራዋል፤ ዓይን ዓይኑን እያየ የሚለው ግን የለም። ከመሄዱ በፊት አንድ ፎቶ ፈለገ፤ ከተራራው ግርጌ መንገዱን ደግፎ ከያዘው፣ በገዛ እጁ ከሠራው ግንብ ጋር፣ ድንጋዩን የፈለጠበት ተራራም ከኋላው እንዲታይ። አባቷ እሺ አለ። ለዚህ ሰው እምቢ የሚልበት አንደበት አልነበረውም፤ አይታየኝም የሚልበትም እንደዚያው። ግንበኛው ከሄደ በኋላ ካሜራዋን በጨርቅ እየወለወለ፣ ከዚህ ፎቶ በኋላ ያንቺ ናት አላት። እሷን ደስ አላላትም። ቁጭ ብሎ በሚያይ ሰው ፊት ልብሱን እንደ መካፈል ቆጠረችው።

ሥራውን ታውቀዋለች። በዚያ ከተማ እሱ ያነሳው ፎቶ ያልተሰቀለበት ግድግዳ በፋና ተፈልጎ አይገኝም። «ፈገግ በሉ» ብሎ አያውቅም። ሰውየውን ያስቀምጥና ስለ ሥራው ይጠይቀዋል፤ ልብስ ሰፊውን ስለ መቀሱ፣ አዋላጇን መጀመሪያ ስለተቀበለችው ሕፃን። ሰውየው ፎቶ ሊነሳ መምጣቱን ረስቶ በሥራው ጨዋታ ሲሞቅ፣ ያኔ ይጫናል። ተራራውን ደግሞ በየዓመቱ ዝናብ ባባራ ማግስት በእግሩ ወጥቶ ያነሳዋል። ሰው ፊቱን ታጥቦ ይመጣልሻል፣ ተራራ ግን የሚታጠብበትን ሰዓት አንቺ ነሽ የምትጠብቂው ይላት ነበር፣ ትንሽ ልጅ ሆና ከኋላ ኋላው ስትከተለው። «እዚያ ዛፍ ድረስ ስንት እርምጃ ይሆናል?» እየተባለች አድጋ ቀያሽ ባትሆን ነበር የሚገርመው።

ዛሬ ደመናው ዝቅ ብሎ ብርሃኑ ሳስቷል። ግንበኛው ደግሞ አቅም አንሶት እንደ ሸምበቆ ይወዛወዛል። እንዳይደበዝዝ ቶሎ መነሳት አለበት፤ በዚህ ብርሃን ቶሎ ለማንሳት ሌንሱ በሰፊው መከፈት አለበት፤ በሰፊው የተከፈተ ሌንስ ደግሞ ምሕረት አያውቅም። ርቀቱ ከስንዝር በላይ ከተሳተ ፊቱ በጭስ ውስጥ የታየ ይመስላል። ቦርሳዋ ውስጥ የሥራዋ ሜትር አለ። እጇ ሁለት ጊዜ ዚፑ ጋ ደርሶ ተመለሰ። ሜትር ማውጣት አባቷን በጓደኛው ፊት ዕውር ነህ ማለት መሰላት።

ለስድስተኛው ካሜራዋን ወደ ግራ ዓይኑ አስጠጋ። በዚያኛው ዓይን ሲያይ አፍንጫው ካሜራዋ ጀርባ ላይ ይደፈጠጣል፤ ጫፉ ቀልቷል። ቀለበቱን አዞረ፣ መለሰ፣ ደግሞ አዞረ። ከዚያ ካሜራዋን ወደ ደረቱ አወረዳት።

«አይታየኝም» አለ።

ግንበኛው ግንቡን እንደተደገፈ ተመለከተው።

«አንተ ትታየኛለህ። ጥላህ ነው የጠፋብኝ።»

«ታዲያ እኔን አንሳኝ እንጂ፣ ጥላዬ ምን ይሠራልሃል?»

አባቷ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ከዚያ ሳይደብቅ አስረዳው፤ ያቺ ጥላ ከሌለች ርቀቱን እንደማያውቅ፣ እስካሁን ያነሳቸው አምስቱም ከንቱ እንደሆኑ። ድምፁ የተሰበረው አንዴ ብቻ ነው፤ «አምስቱም» ሲል። እሷም ከዚህ በኋላ ምን ቀረ ብላ ሜትሩን አወጣች።

«ርቀት ነው እንዴ እንዲህ ያስጨነቀህ?» አለ ግንበኛው። «ግንበኛ ፊትህ ገትረህ?» ወደ እሷ ዞረ። «ተዪው የኔ ልጅ። የምቆመው እኔ ነኝ፣ እኔው ልለካው።»

ቀስ እያለ መጥቶ አባቷ እግር ሥር ተንበረከከ። ክርኑን በአባቷ ጫማ ጫፍ ላይ አድርጎ ክንዱን መሬቱ ላይ ዘረጋ፤ በመሃል ጣቱ አፈሩን ጫረ፤ ክርኑን ጭረቱ ላይ አምጥቶ እንደገና ዘረጋ። ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ አጠረው። ልታነሳው ስትል አባቷ ሳያጠብቅ ክንዷን ያዛት፤ ባለችበት ቀረች። ግንቡ ከመሠረቱ እስከ ጫፉ የተለካው በእነዚያ ክንዶች ነው። እጅጌው ውስጥ ቀጥነዋል፤ ርዝመታቸውን ግን ሕመሙ አልነካውም።

ግንቡ ሥር ሲደርስ ቀና ሳይል ተናገረ። «ሰባት ክንድ። የኔ ክንድ ለግማሽ ሜትር ሁለት ጣት ይጎድለዋል። ሒሳቡን አንተ ታውቃለህ።»

የአባቷ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ሦስት ሜትር ከሃያ። ሌንሱ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች አላያቸውም። ቀለበቱ የት ሲደርስ ሦስት ሜትር እንደሆነ ጣቱ ያውቃል፤ ከዚያ የፀጉር ያህል አሳለፈው። ግንበኛው ግንቡን ይዞ ተነሳ፤ ጉልበቱ ላይ ያለውን አፈር አላራገፈም። አባቷ ካሜራዋን ወደ ዓይኑ አነሳ፤ የለመዳትን ቃል ግን አላላትም። ግንበኛው ጠበቀ። ምነው አትልም እንዴ ብሎ ጠየቀው። ከዚያ ራሱ አለው።

«ገጥሟል።»

አባቷ ተጫነ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተደጋግፈው ወደ መኪናው ሲወርዱ እሷ ወደ ኋላ ቀርታ ጭረቶቹን ተከትላ ሜትሯን ዘረጋች። ሦስት ሜትር ከሃያ ሦስት። ሜትሩን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው።

ከሰዓት በኋላ ከአባቷ ጋር የፎቶ ቤቱ ጓዳ ገባች። በሩ ተዘግቶ መብራቱ ሲጠፋ እጇን እንኳ ማየት አቃታት። ፊልሙ ከካሜራዋ ወጥቶ ማጠቢያው መዘውር ላይ ሲጠመጠም በድምፅ ብቻ ተከታተለችው፤ ሳይደናቀፍ፣ ሳይቸኩል። «እዚህ ክፍል ውስጥ ማንም ከማንም አይበልጥም» አለ ከጨለማው ውስጥ። ድምፁ ካምስት ወር በፊት የምታውቀው ድምፁ ነበር።

ፊልሙ ሲደርቅ የመጀመሪያዎቹ አምስቱ እንዳለው ከንቱ ሆነው ተገኙ። ስድስተኛውን በቀዩ መብራት ሥር ወረቀት ላይ አሳረፉት፤ አባቷ ሰኮንድ ይቆጥራል፣ እሷ ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ታወዛውዛለች። መጀመሪያ ግንቡ ብቅ አለ፤ ቀጥሎ አፈር የነካቸው ጉልበቶች፤ በመጨረሻ ፊቱ። ሽፋሽፍቱ ይቆጠራል። ከንፈሩ «ገጥሟል» ብሎ ገና መግጠሙ ነው። ተራራው ከኋላው ለስልሶ፣ የሚታይ ሳይሆን የሚታወስ መስሎ ቆሟል። አባቷ «እንዴት ነው?» ሲላት ክንዱን ጨበጥ አደረገችው። ስንትና ስንት ጊዜ እዚህ ክፍል ቆማለች፤ እንዲህ ያለ ፎቶ ሲወጣ ግን አይታ አታውቅም።

ግንበኛው ደንበኞች በሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር ላይ ጋደም ብሎ ነበር። ፎቶውን ገና እርጥቡን ስታመጣለት ቀና አለ፤ አባቷም አጠገቡ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ግንበኛው ፊቱን አልፎ ግንቡን አየ። ወረቀቱን ሳይነካ ጣቱን በግንቡ ላይ ረድፍ በረድፍ አስኬደ፤ አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ።

«ይቺ ድንጋይ ተገልብጣ ነው የገባችው» አለ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጎኗ ሳልፍ አላየኋትም።»

አባቷ አጎንብሶ በግራ ዓይኑ ፈለገ፣ ፈለገና የቷ ናት አለው። ግንበኛው የአባቷን ጣት ይዞ ወደ ድንጋይዋ መራለት። ከዚያ ስመለስ ነቅዬ አስተካክላታለሁ አለ። አባቷ ወደ ጓደኛው ዞሮ፣ ባለችው ዓይን ዓይኑን እያየው መለሰለት።

«ያኔ መጥቼ አነሳሃለሁ። ርቀቱን አንተ ትለካለህ።»

ከግንብ መሃል አንድ ድንጋይ ሌላው ሳይናድ እንዴት እንደሚወጣ ግንበኛው ማስረዳት ጀመረ። መጀመሪያ ከላይ ያለውን በእንጨት መደገፍ ነው፤ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። አባቷ ሦስት ሳምንት ብዙ አይደለም አለና፣ ከዝናቡ በፊት ይሻላል ወይስ ካባራ በኋላ ብሎ ጠየቀው።

ግንበኛው በመስኮቱ አሻግሮ ወደ ተራራው እያየ፣ ሳይቸኩል ማሰብ ጀመረ።