የሰኞ ውኃ

ኢኖክ ሃርግሪቭስ በእንግሊዝ አገር በላንካሺር የነፃ ቀዘፋ ዋና ውድድር ሁለተኛ መውጣትን እንደ ርስት ይዞት ኖሯል። ዘንድሮ ግን ሚስቱ ጣቢታ ቁርጡን ነገረችው።

«ስማ አንተ ሰውዬ፤ ዛሬ ካላሸነፍክ ዋና የሚባል ነገር አበቃ። ጉልበትህ ሸብቷል።»

«ጉልበት ይሸብታል እንዴ?»

«ያንተ ሸብቷል።»

የከተማው መዋኛ ውኃ የሚለወጠው በሳምንት አንድ ጊዜ ነበር። ሰኞ ንጹሕ ነው፤ መግቢያውም ውድ። ቅዳሜ ግን የጥጥ ፋብሪካው ሠራተኛ ሁሉ ታጥቦበት እንደ አተር ሾርባ ስለሚወፍር ርካሽ ይሆናል። ቆጣቢው ኢኖክ ዕድሜውን ሙሉ የዋኘው በቅዳሜ ውኃ ነው፤ ውድድሩም እስከ አምና በቅዳሜ ይደረግ ነበር። የገንዳውን ወለል አይቶት አያውቅም፤ መኖሩን በእምነት ብቻ ተቀብሏል። ዘንድሮ ግን ከንቲባው ስለሚገኙ፣ ለአፍንጫቸው ሲባል ውድድሩ ወደ ሰኞ ተዛወረ።

ፊሽካው ተነፋ። ኢኖክ ጠለቀ፤ ዓይኑንም ገለጠ። ከሥሩ ጥርት ያለ ገደል ተከፍቷል፤ በገደሉም ውስጥ አንድ ጥቁር ሰው ይከተለዋል። የራሱ ጥላ ነበር። ከእድፍ ጋር የኖረ ሰው ንጽሕናን እንዲህ ይፈራል።

ብቅ ብሎ ጮኸ፦ «ጣቢታ! ወለል አለው እኮ!»

የተመልካቹ ሰገነት በሳቅ ተናጋ። ጣቢታ ግን ሸማኔ ናት፤ ድምፅዋ የሽመና መኪናን ጩኸት አሸንፎ ማለፍ የለመደ ነው።

«ዓይንህን ጨፍን፣ አንተ ፈሪ! ቅዳሜ ነው በል!»

ጨፈነ፤ ቀዘፈም። በዋናተኞቹ መካከል የተዘረጋ ገመድ አልነበረምና ወዲያው አቅጣጫውን ወደ ቀኝ ሳተ።

«ወደ ግራ! በምትበላበት አይደለም፣ በሌላው!»

ያን ድምፅ ሰምቶ የማይታዘዝ ወንድ በገንዳው ውስጥ አልነበረም። የአምናው አሸናፊ ክላረንስ ዊቴከር ሳይቀር ወደ ግራ ታጥፎ ከግድግዳው ጋር ተላተመ፤ ሌሎቹም በላዩ ላይ ተከመሩ። መንገዱን ስቶ የነበረው ኢኖክ ብቻ ቀና፤ ብቻውንም ደረሰ።

ዳኛው ተቆጣ። «እመቤቴ፣ ከዳር ሆኖ ዋናተኛን መምራት በደንቡ ክልክል ነው!»

«መቼ መራሁት ጌታዬ? ባሌን ነው የሰደብኩት። እሱም ክልክል ነው?»

ዳኛው ወደ ሰገነቱ ቀና አለ። የገዛ ሚስቱ እጇን አጣጥፋ መልሱን ትጠብቃለች።

«አይደለም» አለ፤ ሜዳሊያውንም አጠለቀለት።

ኢኖክ ዓይኑን እንደ ጨፈነ ነበር። «ጣቢ፣ ልቀጥል ታዲያ?»

«ትቀጥላለህ። ልምምድህ ግን ከእንግዲህ ሰኞ ሰኞ ነው፤ እኔ ዕድሜ ልኬን ስጮህልህ አልኖርም። በል፣ አሁን ግለጥ።»

ኢኖክ ጥቂት አሰበ፤ ከዚያም አንዱን ዓይኑን ብቻ ገለጠ።