ተራራው፣ ፎርሙና የአጃ ብስኩቱ

ኑ እስቲ፣ ቁጭ በሉ። አንተም ስልክህን ወደዚያ አድርገው፣ አይጠፋም። ወንበር ያልደረሰው አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥ። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ግን የራሴ ነው። እንዴት የራሴ እንደሆነ ልንገራችሁና ታርፋላችሁ። ረጅም አይደለም፣ አንድ ተራራ ብቻ ነው።

በፈረንጆቹ 2009 ነው። ያኔ እዚህ ሰፈራችን፣ ቶሮንቶ ሪጀንት ፓርክ፣ ሕንፃዎቹን በየተራ እያፈረሱ እንደ አዲስ ይሠሩ ነበር። የኛ ሕንፃ ተራው ደረሰና ለያንዳንዳችን ፎርም መጣ። አዲሱ ቤት ሲያልቅ መመለስ የሚፈልግ ሞልቶ ይመልስ ይላል፣ ስድስት ገጽ ነው። እኔ በአማርኛ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ ደብዳቤ አነባለሁ፣ ዳዊትም እደግማለሁ። የእንግሊዝኛ ፎርም ግን የልጄ የኢየሩሳሌም ሥራ ነው። እሷ ደግሞ አልሞላም አለች።

«እማዬ፣ ሬክስዴል እኔ ጋ ትኖሪያለሽ። ቤዝመንቱን አሳድሼልሻለሁ።»

«መሬት ውስጥማ ስሞት እገባለሁ፣ ምን አስቸኮለኝ?»

«በበረዶው ጊዜ ጄራርድ መንገድ ላይ ወድቀሽ አልነበር?»

«በበረዶ ያልወደቀ ማን አለ? ያነሳኝ ፖሊስ ራሱ ወድቋል።»

«ፖሊሱ ሰባ አንድ ዓመቱ አይደለም።»

እሱስ እውነቷን ነው። ፖሊሱ ገና ልጅ ነበር።

የሕንፃችን የአዛውንቶች ክበብ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከከተማ ያወጣናል። የዚያን ዓመት ከቶሮንቶ ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት የሚያስነዳ፣ ሐይቅ ዳር ያለ ተራራ ተመረጠ። ኢየሩሳሌም ማስታወቂያውን ከቤቴ በር ላይ አንስታ አነበበችና ፈገግ አለች። ፈገግታዋን አልወደድኩትም።

«ጥሩ» አለች። «ማንም ሳይደግፍሽ ይህን ተራራ ወጥተሽ ከወረድሽ ፎርሙን እሞላልሻለሁ። ካልቻልሽ ሬክስዴል።»

«እሺ።»

«እኔም እመጣለሁ። በዓይኔ ነው የማየው።»

ከሥራዋ ፈቃድ ወሰደች። ጉዞው ረቡዕ ነው፣ ፎርሙ የሚመለሰው ዓርብ።

ቀኑን የመረጠው እንግዲህ አውቶቡሱ ነው፤ ሌላ ቀን አልተገኘም። ያ ረቡዕ ፍልሰታ መሆኑን ያስተዋለ የለም። ፍልሰታ ማለት ለምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ለማታውቁት ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም የለም። በዚህ አገር ሰዓት ከቀትር በኋላ ሦስት ሰዓት መሆኑ ነው። አውቶቡሱ ከዳንዳስ መንገድ ሲነሳ አሥራ አራት ሽማግሌና አሮጊት ነበርን፣ አሥራ ሦስታችን ጾመኞች። አሥራ አራተኛው አቶ አብዱልቃድር ናቸው፣ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን፣ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ።

«የኔ ረመዳን በአሥር ቀን ውስጥ ይጀምራል» አሉ፣ ሳንድዊቻቸውን እየፈቱ። «እስከዚያ እናንተን እያየሁ እበላለሁ።»

«ያኔ እኛ ደግሞ በርዎ ላይ መጥተን እንበላለን» አልኳቸው።

«እትዬ ጸሐይወርቅ፣ በሬ ክፍት ነው። ግን ይዛችሁ ኑ።»

ኢየሩሳሌም ይሄኔ ነው ዞር ያለችው። «እማዬ፣ ዛሬ ጾም ነው እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ እንዴት አድርገሽ ትወጪዋለሽ?»

«በእግሬ።»

ስንደርስ ሊንዳ የምትባል የዚያ አገር ሴት፣ መንገድ መሪያችን፣ ተቀበለችን። ዕድሜዋ ከኛ ብዙም አያንስ፣ ባቷ ግን የሯጭ ባት ነው። መጀመሪያ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰደችን። ዳሩ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ እንደ ተዘረጋ ሰሌን። ጎንበስ ብላችሁ ስታዩት በላዩ የታተመ ነፍሳት አለ፤ ጀርባው እንደ ጎድን አጥንት ተደርድሮ፣ ገሚሱ እንደ አውራ ጣት፣ ገሚሱ እንደ ጥፍር። ቅሪተ አካል ይሉታል። አራት መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዓመቱ ነው አለች ሊንዳ፣ ኢየሩሳሌም እየተረጎመችልን።

ተሻለች፣ የግድግዳ ጎረቤቴ፣ መነጽሯን አውልቃ አየችው። «ማን ቆጠረው በያት።»

ኢየሩሳሌም ወደ ሊንዳ ዞራ አንድ ነገር አለች። ሊንዳ ደስ ብሏት የተሻለችን እጅ ጨበጠች።

«ምን አልሻት?» አለች ተሻለች።

«በጣም ያምራል ትላለች አልኳት።»

እዚያው አጠገብ ታሪክ የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት ሰዎች ያንን ጥቁር ድንጋይ ጠብሰው የመብራት ዘይት ያወጡበት ነበር፤ ጥቂት ዓመት ሠርተው ተዉት። አቶ አብዱልቃድር ሰሌዳውን ብዙ ቆመው አዩት። «እኛ ነን እንጂ ያልሞከርነው፣ ፈረንጅ ድንጋይም ጠብሷል» አሉ።

ከዚያ ሊንዳ ጣቷን አንስታ አስጠነቀቀችን። ድንጋይ ማንሳት ክልክል ነው፣ ሕግ ነው፣ አንዲት ጠጠር እንኳ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን።

መንገዱ ከዚያ ወደ ተራራው ይወጣል። እንዳይጠፋባችሁ ዛፎቹ ላይ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ተሻለች የመጀመሪያውን ዛፍ ስታይ ቆመች።

«ይሄንንም እንደ ሕንፃችን ሊያፈርሱት ነው?»

«መንገድ ማሳያ ነው፣ እትዬ ተሻለች» አለቻት ኢየሩሳሌም።

«የኛንም ሕንፃ ቀለም ሲቀቡት መጀመሪያ ምልክት ብቻ ነው ነበር ያሉን።»

ብስኩቱ የመጣው እንግዲህ መጀመሪያ ስናርፍ ነው። ሊንዳ ከቦርሳዋ ግራኖላ የሚሉትን የአጃ ብስኩት፣ በወረቀት የተጠቀለለውን፣ አንድ አንድ አደለችን። ምን ይደረጋል? ሰው በእጁ ዘርግቶ ሲሰጣችሁ አልፈልግም ይባላል? በሁለት እጃችን፣ ጎንበስ ብለን ተቀበልን። እሷ ወደ ፊት ስትዞር ኪሳችን ከተትን። ባዶ እጃችንን ስታይ በላን መሰላት። ደስ አላት። ሁለተኛ ስናርፍ ሌላ አደለች። እንደገና ጎንበስ አልን።

«ምግብ ይወዳሉ» አለቻት ለኢየሩሳሌም። ኢየሩሳሌም ይህን ስትተረጉምልን ሳቅ አፍና ነው። ለራሷ ስትሰጣት ግን «ኖ፣ ቴንክዩ» ብላ መለሰች። እሷ አትጾምም። ነገር ግን እኔ እየጾምኩ ፊቴ አትበላም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት። ያስለመድኳትም እኔ ነኝ።

ሦስተኛው ማረፊያ የድሮ ገበሬ የኖረበት የድንጋይ ቤት ፍራሽ ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ ቀርቷል፣ መሐሉ ላይ ዛፍ በቅሏል። ሌሎቹ ፎቶ ሲነሱ እኔ ጠጋ ብዬ አየሁ። እሱም ቤዝመንት ነበረው። ለኢየሩሳሌም አላሳየኋትም።

ከዚያ በላይ ያለው ዳገት ዳገት ነው፤ በድንጋይ ደረጃ የተሠራ፣ ሰማዩ ቢደምንም አየሩ የሚያፍን። እኔ በልጅነቴ የተማርኩትን አደረግሁ፤ ዝም አልኩ። ዳገት ላይ የሚያወራ ነው የሚደክመው። ጉልበቴ አንድ ሁለት ጊዜ ጠራኝ፣ አልመለስኩለትም። ኢየሩሳሌም ከኋላዬ ናት፣ ብወድቅ ልትይዘኝ። መጀመሪያ «ቀስ በይ እማዬ» ትል ነበር። በኋላ ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል። ጫፍ ላይ ደርሰን ሊንዳ አራተኛውን ብስኩት አድላ ሐይቁን ስታሳየን፣ ዞር ብል ልጄ ፊቷ እንደ ወረቀት ነጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

«ከጠዋት ጀምሮ ምን በላሽ?»

«ቡና ጠጥቻለሁ።»

እጄን ኪሴ ከተትኩ። ወረቀቱን በጥርሴ ቀደድኩ። «ብዪ።»

«አንቺ ሳትበዪ...»

«ኢየሩሳሌም። ብዪ።»

ሁለት በላች። አቶ አብዱልቃድር ውሃቸውን ሰጧት፣ ምንም ሳይቀልዱ። የፊቷ ቀለም ሲመለስ ቦርሳዋን እኔ ተሸከምኩ፣ እሷ ክንዴን ያዘች፣ ወረድን። ውላችን ማንም እንዳይደግፈኝ ነበር እንጂ እኔ ማንንም እንዳልደግፍ አልነበረም። ደረጃ ደረጃውን እያየሁላት፣ እግሯን የት እንደምታሳርፍ እየነገርኳት ወረድን። አንድም ጊዜ «ቀስ በይ» አላለችኝም።

ታች ስንደርስ የፓርኩ ጥበቃ፣ ወጣት ልጅ፣ አውቶቡሱ በር ላይ ቆሟል። መጀመሪያ እኛን አየ፣ ቀጥሎ ኪሳችንን። አሥራ ሦስት ሰው፣ ሁሉም ኪሱ ያበጠ። ጉሮሮውን ጠራረገና ከኢየሩሳሌም ጋር አወራ።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«ድንጋይ የያዘ ካለ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያውጣ፣ አይቀጣም ይላል።» ፊቷ አሁን ቀልቷል።

ተሰለፍን። መጀመሪያ ተሻለች አራቱን ብስኩት አወጣች። ቀጥሎ እኔ ሁለት። ቀጥሎ ሁሉም በየተራ። ጥበቃው ቆጠረ፣ ሃምሳ ሞላ። አቶ አብዱልቃድር መጨረሻ መጥተው አራት ባዶ ወረቀት አስቀመጡ። «እኔ ማስረጃውን በልቼዋለሁ» አሉ።

ሊንዳ ጠረጴዛውን አየች፣ እኛን አየች። ኢየሩሳሌም ጾሙን አስረዳቻት። ሊንዳ እጇን አፏ ላይ አድርጋ «ያን ሁሉ ዳገት? ያለ ውሃ?» አለች። ኢየሩሳሌም ሳትተረጉምልኝ ቀረች፣ ግን ወደኔ ስታይ ገባኝ።

ለዘጠኝ አሥር ደቂቃ ይቀራል። ጠረጴዛውን ከበን ጠበቅን። ሊንዳም፣ ጥበቃውም አብረውን ሰዓት እያዩ ቆሙ። ዘጠኝ ሲሆን አማተብን፣ ውሃ ጠጣን፣ ስንቃችንን ፈታን። እኔ አንዱን ብስኩት ለጥበቃው ዘረጋሁለት። ሥራ ላይ ስለሆነ መብላት አይችልም፤ ግን እንደኛ በሁለት እጁ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው።

አውቶቡሱ ውስጥ ኢየሩሳሌም ሳልጠይቃት ቦርሳዋን ከፈተች። ፎርሙ እዚያው ነበር። ለካ ከተራራው ተሸክሜው ነው የወረድኩት። ጉልበቷ ላይ ዘርግታ መሙላት ጀመረች። አራተኛው ገጽ ላይ ቆመች።

«ተከራይዋ ደረጃ ለመውጣት እርዳታ ያስፈልጋታል ወይ ይላል።»

በመስኮት አየች። ተራራው ገና ይታያል። «አያስፈልጋትም» ብላ ጻፈች። ቀጥሎ አደጋ ቢደርስ ማን ይጠራ ይላል፣ የራሷን ስም ጻፈች።

«አንቺ አደጋ ቢደርስብሽስ ማንን ይጠራሉ?» አልኳት።

ትከሻዬ ላይ ተኝታ ቶሮንቶ ደረስን።

ዓርብ አስገባነው። ሕንፃው ፈረሰ፣ ጊዜያዊ ቤት ከረምን፣ አዲሱ ሲያልቅ ይኸው አራተኛ ፎቅ ተሰጠኝ። ኢየሩሳሌም እሑድ እሑድ ትመጣለች፣ በደረጃ። ከነዚያ ብስኩቶች አንዷ ያቺ መሳቢያ ውስጥ አለች፣ ጊዜዋ ካለፈ ቆይቷል። እንዳትበሏት።

አሁን ሂዱ፣ መሽቶባችኋል። አንዲት ነገር ብቻ አደራ፤ እኔ ጾሜም ቢሆን፣ ፊቴ ሳታፍሩ ብሉ። ይህችን አስታውሱልኝ፣ ልጆቼ።