ጥይት ያልነካው ደን

የዚያን ዓመት ዝናቡ ዘገየ፤ ሲመጣም ከተኩስ ጋር መጣ። መንገዱ ተዘጋ። ጨው ጠፋ፣ ሳሙና ጠፋ፣ ቀጥሎ ሰው ይጠፋ ጀመር። አማፂዎቹ ዳገቱን ያዙ፣ ወታደሩ ከተማውን ያዘ፣ ሕዝቡ መሀል ላይ ቀረ። ትምህርት ቤቱ የወታደር ሰፈር ሆነ። ክሊኒኩ በአንዲት ነርስ ይንገዳገድ ነበር። ያልቆመው የእንጨት መሰንጠቂያው ብቻ ነው። ግንድ ይገባል፣ ጣውላ ሆኖ በወንዙ ይወርዳል፣ ገንዘቡ ጥይት ሆኖ ይመለሳል። ነጋዴው ለወታደሩም ለአማፂውም ድርሻቸውን ስለሚሰጥ ጀልባውን የሚነካ አልነበረም። ወታደሮቹ የከለከሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለመሣሪያ ይሆናል ብለው ብረት የተባለ ነገር ወደ ላይ አያሳልፉም።

እዚያ መሰንጠቂያ ውስጥ የትልቁን ክብ መጋዝ ጥርሶች የሚሞርድና ያረጁትን እየነቀለ የሚቀይር አንድ ሽማግሌ ነበር። አባ ሞረድ ይሉታል። እሱም ሆነ እዚያ የሚሠራ ሁሉ የሚያውቀው ደንብ አለ፤ ውጊያ የተካሄደበት ደን አይሰነጠቅም። ጥይት የገባበት ዛፍ ቅርፊቱ ይድናል፣ ጥይቱ ግን ሆዱ ውስጥ ይቀራል። መጋዙ ሲያገኘው ጥርሱ እየተወነጨፈ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ነጋዴው ጥይት ያልነካው ደን ሲፈልግ ከረመ። የቀረው ደግሞ የደን ሰዎች የሚባሉት የሚኖሩበት ደን ብቻ ነበር።

የደን ሰዎቹ ጦርነቱ ሲጀመር ለሁለቱም ወገን ሽማግሌ ልከው፣ «እኛ ጋ አትዋጉ፤ እኛም አንዳችሁንም አናስጠጋም» ብለው ነበር። ከሁለቱም በኩል ዱላ ቀምሰው፣ በሁለቱም እጅ ሰው ሞቶባቸው፣ ደናቸውን ከተኩስ አተረፉ። ያ ነው ጉድ ያፈላባቸው። ደኑ ንጹሕ ስለሆነ ተመረጠ። መሬቱ የእነሱ ነው የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዘው የመንግሥት ቢሮ ቢሄዱ፣ ኃላፊው ከመቀመጫው ሳይነሳ «ሰላም ሲሆን እንነጋገራለን» አላቸው።

ማር ቆራጭዋ ወደ አባ ሞረድ የመጣችው በማግስቱ ነው። ሴትዮዋ ከደን ሰዎቹ ናት። በቀድሞው ጦርነት አባ ሞረድ እግሩን ተመትቶ ደን ውስጥ ሲወድቅ እሷና ባሏ ጎትተው ደበቁት። ታጣቂዎች መጥተው ባሏን «የት አለ?» አሉት። አልተናገረም። ይዘውት ሄዱ፤ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማር ልትሸጥ ከተማ ስትወጣ ሰላም ትለዋለች እንጂ የባሏን ነገር አንድ ቀን አንስታበት አታውቅም። እሱም አላነሳም። ባያት ቁጥር ግን የዚያን ቀን እህል አይወርድለትም።

«አባ ሞረድ፣ እግርህ እንዴት ነው?» አለችው በሩ ላይ ቆማ።

«አለ። ሲበርድ ይሰድበኛል።»

«ዛፎቹን ቀለም ቀቧቸው። ቀፎ የምንሰቅልባቸውን ሳይቀር። ሊቆርጡ ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተህ ነው ቁጭ ያልከው?»

«ታዲያ ልጨፍር?»

አልሳቀችም። እሱም ሞረዱን አስቀመጠና ጥግ ላይ የነበረውን ጆንያ በእግሩ ወደ እሷ ገፋው። ለዓመታት ከመጋዙ የነቀላቸው ጥርሶች ናቸው።

«ዛፎቹ ውስጥ አስገቧቸው። ከሰው ቁመት በላይ፣ ቆራጮቹ የማይነኩት ቦታ ላይ። ጠልቆ ይግባ፤ አፉን በጭቃ ድፈኑት።»

«የገዛ ዛፋችንን እናቁስል?»

«ጤነኛውን እኮ ነው የሚወስዱት።»

«ሚስማርስ አይሆንም?»

«ሚስማር ከተገኘ የሰው እጅ እንዳለበት ይታወቃል፤ መጥተው ይጨርሷችኋል። መጋዙ ሲረግፍ ግን ጥርስን ከጥርስ ማን ይለየዋል?»

ጆንያውን አነሳች። ከዚያ ቆም አለች። «መጋዙ ላይ የሚቆመው ሰውስ?»

«እሱን ለእኔ ተይው።»

መጋዙ ላይ የሚቆመው የአባ ሞረድ ሴት ልጅ ባል ነበር። ሁሉን ነገር በሩጫ ስለሚሠራ ጥድፊያ ይሉታል። የመጀመሪያው ግንድ ከደኑ ተጎትቶ የመጣ ዕለት አባ ሞረድ ትከሻውን ነካ አደረገው።

«ዛሬ እኔ ልቁም። አንተ እነዚህን ልጆች ይዘህ ሂድ፤ ምሳችሁን ብሉ።»

«ምነው አባባ? ገና ጠዋት እኮ ነው!»

«እንግዲያው ቁርሳችሁን።»

«በላን እኮ!»

«ድገሙ! ልጄ አንተ ቤት ምን እየበላች ነው፣ መድገም የማታውቁት?»

ሠራተኞቹ እየሳቁበት ይዘውት ወጡ። ነጋዴው ከቢሮው መስኮት «ሽማግሌው! ምን ትጠብቃለህ?» ብሎ ጮኸ።

«ምንም፣ ጌታዬ» አለና አባ ሞረድ ግንዱን ገፋ።

መጋዙ መጀመሪያ እንደ ወትሮው አዜመ። ቀጥሎ ጮኸ። አንዱ ጥርስ የቆርቆሮ ጣሪያውን በስቶ ወጣ። ሌላው የአባ ሞረድን ቀኝ ዓይን አገኘ።

ነጋዴው እየሮጠ መጣ። መጀመሪያ የሄደው ወደ መጋዙ ነው። የረገፈውን አይቶ ራሱን ያዘ፤ የቀረው መለዋወጫ አንድ ብቻ ነው፣ ሌላ ደግሞ ወታደሮቹ አያሳልፉም። ከዚያ መሬት ላይ ወደ ወደቀው ሰው ዞረ።

«ጥይት ነው?»

አባ ሞረድ ፊቱን በመዳፉ እንደያዘ «ታዲያ አበባ ነው?» አለው።

ግንዱን ቢፈልጡት የመጋዝ ጥርስ እንጂ ሌላ አላገኙበትም፤ ጥርሱ ደግሞ ሲረግፍ የተሰካ መሰላቸው። ጥይቱ የት ገባ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ነጋዴው «ንጹሕ ደን ነው ብላችሁኝ!» እያለ አገር ይያዝልኝ አለ። ቆራጮቹንም አስወጣ።

ማር ቆራጭዋ ከቀናት በኋላ ክሊኒክ የመጣችው ባዶ እጇን ነው። በፋሻ የተጠቀለለ ፊቱን አየችና አልጋው አጠገብ ቆመች።

«ቀለሙን ፍቀን ጨረስን» አለች።

«ቆራጮቹስ?»

«ወደ ታችኞቹ ሄዱ።»

ታችኞቹ ከወንዙ በታች የሚኖሩ ሌሎች የደን ሰዎች ናቸው። እነሱም ደናቸው ውስጥ ተኩስ አላስገቡም።

አባ ሞረድ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። «እነሱም ጥርስ እንዲያስገቡ ንገሯቸው» አላት።

«ሰው ልከን ነበር። ሲደርስ ዛፎቹ ተጋድመዋል።»

ነርሷ መጥታ ፋሻውን ነካክታ ሄደች። ማር ቆራጭዋ አልተቀመጠችም።

«ባሌ የቀረ ጊዜ ጠልቼህ ነበር» አለችው። «ዛሬም ድረስ ስጠላህ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን ጥላቻው ለቀቀኝ። ከፍለሃል።»

ሊያመሰግናት ይሁን ይቅርታ ሊለምናት ሳያውቅ እጁን ዘረጋ። በታሰረው ዓይኑ በኩል ቆማ ስለነበር ስትወጣ አላየም። በሩ ሲዘጋ ብቻ ሰማ።