ድምፅና ፒያኖ ብቻ

እኛ ሰፈር ፒያኖ የሚባሉ ነገሮች ሁለት ናቸው። አንዱ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው፣ ቁጭ ተብሎ የሚጫወቱት ነው። ሌላው ከበሮ ነው። ካንዶምቤ የሚባለው የጎዳና ሙዚቃችን በሦስት ዓይነት ከበሮ ይመታል፤ ትልቁን፣ ከሆዱ የሚያጓራውን፣ ፒያኖ እንለዋለን። ይህን ስም ማን እንዳወጣለት አላውቅም፤ ባገኘው ግን የምነግረው ነገር ነበረኝ። በሞንቴቪዴዮ ሌላ ሰፈር ቃሉን የሰማ ሰው የመጀመሪያው ይመጣለታል። በእኛው ሰፈር፣ ባሪዮ ሱር፣ ተወልዶ ላደገ ግን ፒያኖ ማለት ከበሮው ነው። አባቴ ከበሮውን ይመታ ነበር፤ እሱ ሲሞት ታናሽ ወንድሜ ፋውስቶ ወረሰው። እኔ አልሲዴስ፣ የበኩር ልጁ፣ ያንን ባለ ብዙ ጣት ዕቃ መረጥኩ። ከበሮ መቺዎቹ መንገድ ለመንገድ እየሄዱ ስለሚመቱ እኔን "ቁጭ ባዩ" እያሉ ይተርቡኛል። ለምጄዋለሁ።

ዙልማ ሚስቴ ነበረች። ዘፋኝ ናት፤ ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ ትሠራለች፣ ከሥሩ የሚነጠፈው የፒያኖ ኮርድ ግን የእኔ ነበር። ሦስት አልበም እንዲያ ሠራን። ጃዝ ቀመስ፣ ለስለስ ያለ፣ ዝናብ ሲዘንብ የሬዲዮ ሰዎች የሚከፍቱት ዓይነት። ስንጀምር እኔና አንድ ባስ ብቻ ነበርን፤ ወደ ኋላ ላይ ጥሩምባ ተጨመረ፣ ቫዮሊን ሳይቀር መጥቶ ተኮለኮለ። ያኔ ነው መሰለኝ ዙልማ ዝም ማለት የጀመረችው። ባለፈው በጋ ማብቂያ ላይ ተለያየን። አልተጣላንም። ብንጣላማ የምንታረቅበት ነገር ይኖረን ነበር። ልብሴን ይዤ ወንድሜ ቤት ገባሁ፤ ፒያኖዬ በዚያ ጠባብ ደረጃ አላልፍ ብሎ እሷ ዘንድ ቀረ።

ናፈቀችኝ። ሌላ የተሻለ ቃል አልፈልግለትም። ጠዋት የማቴ ሻይዋን ይዛ ወጥ ቤት ውስጥ ስታንጎራጉር፣ መድረክ ላይ ደግሞ አፏን ከመክፈቷ በፊት በጎን እጄን ሰረቅ አድርጋ ስታይ፣ ይሄ ሁሉ ይመጣብኛል። እጄን ሳታይ ጀምራ አታውቅም። ሰው ሚስቴ ትወደኛለች ብሎ የሚያምነው በብዙ ነገር ነው፤ የእኔ ማስረጃ ያቺ ሰረቅ አድርጋ ማየቷ ነበረች።

አንድ ቀን ዶኛ ኦልጋ ከደረጃው ሥር ተጣራች። የዙልማ አክስት ናት፤ ከወንድሜ ቤት ታች ትኖራለች፣ የሰፈሩም ስልክ እሷ ናት። ፋውስቶ ወደብ ሥራ ላይ ስለነበር እኔ ብቅ አልኩ።

"ዙልማ ደውላ ነበር" አለችኝ ሽቅብ እያየች። "አዲሱን አልበሜን በድምፅና በፒያኖ ብቻ ነው የምሠራው ብላለች። ማክሰኞ ጠዋት ስቱዲዮ ይምጣልኝ ብላለች።"

"እንደሱ አለች? ይምጣልኝ?"

"እግሬ ነው እንጂ ያመመኝ ጆሮዬ ደህና ነው ልጄ።"

ልቤ ቅቤ ጠጣ። "ይምጣ" አይደለም ያለችው፤ "ይምጣልኝ" ነው። በዚያች "ልኝ" ስንት ቤት እንደሠራሁባት እኔ ነኝ የማውቀው። ባሱ ቀረ፣ ጥሩምባው ቀረ፣ ቫዮሊኑም ወደ መጣበት ሄደ፤ እሷና እኔ ብቻ። ማታ ለፋውስቶ ዙልማ ለአልበሟ ጠራችኝ ብዬ ነገርኩት። ስለ ፒያኖው አላነሳሁም፤ እኔን የጠራ ሰው ለሌላ ለምን ይጠራኛል? አቀፈኝ፣ ጀርባዬን ደበደበኝ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ በጣቶቼ ስደበድብ እያየ ይስቅብኝ ጀመር። ጠረጴዛው ቃናው ወርዷል፣ ሰው ጠርተህ አስቃኘው ይለኛል። እኔ ምን ገዶኝ፤ የድሮዎቹን ዘፈኖች በሙሉ አዲስ ኮርድ እያለበስኳቸው ነበር። ከድሮው የበለጠ ለድምፅዋ የሚመች፣ የበለጠ ጥልቅ የሆነ። ከዚህ ወዲያ ሌላ ፒያኖ ተጫዋች አጠገቧ ማስቀመጥ እንዳትችል አድርጌ ልሠራው ነው ያሰብኩት።

ማክሰኞ ሸሚዜን ተኩሼ፣ ኖታዎቼን በአቃፊ ይዤ ሄድኩ። ሐምሌ ነው፤ ከከተማው ዳር ካለው ወንዝ የሚመጣው ንፋስ አጥንት ይሰብራል። ስቱዲዮው ድሮ ዳቦ ቤት የነበረ ግቢ ውስጥ ነው። በሩን ገፋ ሳደርግ መጀመሪያ ያየሁት እሳት ነው። ጋዜጣና የሣጥን ስብርባሪ መሬት ላይ ይነዳል፤ ሁለት የማውቃቸው የሰፈር ልጆች ትንንሾቹን ከበሮዎች ወደ እሳቱ አዘንብለው ቆዳውን ያሞቃሉ። በእርጥብ ቀን የላላ ቆዳ የሚወጠረው እንዲያ ነው።

"ቁጭ ባዩ መጣ" አለ አንደኛው። "ፋውስቶስ? እሱንና ከበሮውን ነው የምንጠብቀው።"

ክው አልኩ። ለእኔ ፒያኖ ማንም እሳት አያነድም። ዙልማ የባሪዮ ሱር ልጅ ናት፤ አክስቷም የባሪዮ ሱር ሴት ናት። ፒያኖ ሲባባሉ ትልቁን ከበሮ፣ ትንንሾቹን አስከትሎ፣ ማለታቸው እንደነበር ከእኔ በቀር ለማንም ግልጽ ነው። በዚያ ሰፈር በሙሉ ይህን ስህተት ሊሳሳት የሚችል አንድ ሰው ቢፈለግ እኔው ነኝ፤ አባቴም ይህንኑ ደጋግሞ ነግሮኝ ነበር።

ዙልማ ከውስጥ ወጣች። ፀጉሯን አሳጥራዋለች። ሸሚዜን አየች፣ አቃፊውን አየች፣ ከዚያ ፊቴን። የገባት ያን ጊዜ ነው።

"ፋውስቶ ትንሽ ይዘገያል" አልኳት። "ያንን ልነግርሽ ነው የመጣሁት።"

"እሺ" አለች ቀስ ብላ። "በዚህ ብርድ ስለመጣህ አመሰግናለሁ።"

ከግቢው ወጥቼ፣ ጥጉን ዞሬ ለወንድሜ ደወልኩ።

"ከበሮህን ይዘህ ና። የጠራችው አንተን ነው።"

ወደቡ ሲንጫጫ ይሰማኛል። "አንተስ?" አለኝ።

"እኔ ምን እሆናለሁ። ቶሎ ና፣ እሳቱ እያለቀ ነው።"

መሄድ ነበረብኝ። እግሬ ግን እምቢ ብሎ ወደ ግቢው መለሰኝ። ድምፅ የሚቀዳው ሊዛርዶ የሚባል ደግ ሰው ነው፤ አጠገቡ፣ ከመስታወቱ ወዲህ ወንበር ሰጠኝ። ፋውስቶ የወደብ ልብሱን እንደለበሰ ደረሰ። በአጠገቤ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ወንድሜ ነውና አልፈረድኩበትም።

ከዚያ ዙልማ ዘፈነች።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። የማውቀው ድምፅ ነው፣ ግን የማላውቀው ሰው ድምፅ ነው። ድሮ እያንዳንዱ ስንኟ ከመነሳቱ በፊት የእኔ ኮርድ ይነጠፍላት ነበር፤ ገብታ ትቀመጥበታለች፣ ያምራል፣ ያልቃል። አሁን የሚነጠፍ ነገር የለም። ከበሮው ከሥር ያጓራል፣ ኖታውን ግን አይነግራትም። እሷ ራሷ ትፈልጋለች። አንዳንዴ ከምቱ ቀድማ ትገባለች፣ አንዳንዴ ሁሉን አሳልፋ ስታበቃ ትመጣለች። ሦስተኛው ዘፈን ውስጥ አንዲት ቃል ላይ ድምፅዋ ሻከረ፤ እኔ አብሬያት ብጫወት ኖሮ አቁመን እንደገና እንጀምር እል ነበር። እሷ አላቆመችም። በዚያው በሻከረው ወጣችበት፣ እኔም እንባዬ መጣ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወደ ማንም እጅ አላየችም።

ያ ሦስተኛው ዘፈን ስለ ተለያዩ ባልና ሚስት ነው። ስም የለበትም፣ ግን ደረጃ አላልፍ ያለ ዕቃ አለበት። ሲያልቅ ዙልማ ወጥታ ወደ እኔ መጣች፣ እጇን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከታ።

"ጎን ባለው ክፍል ፒያኖ አለ" አለችኝ። "ያንተው ዓይነት። ይቺን አንዷን አብረን እንሞክራት፤ ሸሚዙን ተኩሶ የመጣ ሰው ዝም ብሎ አይመለስም።"

አንጀቷን እንደበላኋት ገባኝ። ኩራት ያለው ሰው እምቢ ይል ነበር። እኔ ግን ከአፏ ሳይወድቅ ብድግ አልኩ።

ተጫወትኩ። ስንት ወር ፒያኖ ሳይነኩ የኖሩት ጣቶቼ እውነተኛውን ሲያገኙ ምን እንደሆኑ አትጠይቁኝ። የመጀመሪያውን ኮርድ ከመምታቴ በፊት ቀና ስል ዙልማ በጎን እጄን ሰረቅ አድርጋ አየች። የናፈቀኝ ያ ነበር። አገኘሁት። ገባች፣ እኔ ባነጠፍኩላት ላይ ተቀመጠች፣ ቃሉ ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ፤ ቅድም የሻከረው ጨርሶ ለስልሶ አለፈ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ሚስቴ ነበረች።

ሊዛርዶ በማይክሮፎኑ በኩል ሳቀ። "ይሄማ ቀጥታ ሬዲዮ ነው የሚገባው" አለ። ከበሮ የያዙት ልጆችም ራሳቸውን ነቀነቁ። ፋውስቶ ብቻ መሬት መሬት ያያል።

ዙልማ ፒያኖው አጠገብ መጥታ ቆመች።

"ምን ትላለህ?"

ይህን ጥያቄ አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ከእኔ ሌላ ማንንም ጠይቃ አታውቅም፣ ዋሽቻትም አላውቅም። ግሩም ነው ብላት አልበሙ ውስጥ ታስገባው ነበር። በአልበሙ ላይ አንዲት ዘፈን ትኖረኛለች፣ ለምረቃው እጠራለሁ፣ ልምምድ ይኖራል፣ ከልምምድ በኋላ ማቴ ይኖራል። ይህ ሁሉ በአንድ አፍታ በዓይኔ ዞረ። ፈልጌዋለሁ። እንደዚያ አድርጌ የፈለግሁት ነገር የለም።

"አውጪኝ" አልኳት። "ዘፈኑ የቅድሙ ነው።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እኔ ስገባ አንቺ ትወጫለሽ። ሰምተሽዋል።"

እንድትከራከረኝ ጠበቅሁ። አንዲት "ኧረ ተው" ትበቃኝ ነበር። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ አልተከራከረችኝም።

"ካንተ ውጪ ማንም አይነግረኝም ነበር" አለች።

ዞራ የቅድሙን፣ የከበሮውን ቅጂ፣ እንዲይዝ ለሊዛርዶ ነገረችው። እኔ ኖታዎቼን ሰብስቤ፣ አራተኛውን ዘፈን ሳትጀምር ከግቢው ወጣሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ዳግም ብሰማት ኖሮ ተመልሼ ቃሌን እንደማጥፍ አውቀዋለሁ።