ድፎ ዳቦ ይዘን ባንድ ልናይ

ጥፋቱ መጀመሪያ የወንድሜ የአብዱልሐሚድ ነው፤ በግልጽ አልተናገረማ። ሰዓት እላፊው ከቀረ ወዲህ ቦሌ ላይ ባንድ እንደ አሸን ሲፈላ እሱም ከጓደኞቹ ጋር አንድ አቋቋመ። ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ያለች ጠባብ ሆቴል ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ሊሞከሩ ሆነ። የሆቴሏ ባለቤት አሰገደች ከወደደቻቸው በየቅዳሜው ይጫወታሉ። ካልወደደቻቸው ደግሞ የተዋሱትን ኪቦርድ ይመልሱና አብዱልሐሚድ አባታችን ሱቅ ገብቶ ጨርቅ ሲለካ ይኖራል። ይህን ነገር ከሞት አስበልጦ ነው የሚፈራው።

«ሚስኪ፣ በናትሽ ሰው አምጪልኝ፤ ቤቱ ባዶ ከሆነ አለቀልን» አለኝ። ሰው አለኝ እንጂ ምን ዓይነት ሰው መች አለኝ?

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ ይዣለሁ። ወሎ ሰፈርን ቤት ለቤት አዳረስኩት። አክስቶቼን፣ ጎረቤቶቻችንን፣ ሚኒባስ የሚነዳውን አጎታችንን ሰይድን፣ ማን ቀረ! እናቴ ሐሚዳ ስትሰማ ልጇ ሰው ፊት በሚቆምበት ቀን ባዶ እጇን እንደማትሄድ ነገረችኝና ዱቄት አቦካች። እዚያ ይጠጣል ወይ ብላ ስትጠይቀኝ፣ ሆቴል ነው ብዬ አለፍኳት።

የሰይድ ሚኒባስ በሩ ላይ ሲዘረግፈን ሰርገኛ የመጣ ነበር የሚመስለው። ቤቷ ጢም አለች። አብዱልሐሚድ ከኪቦርዱ ኋላ ቀና ብሎ አየን፤ ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር እኔ ደስታ ነው ብዬ ተቀበልኩት። ሞኝ ነኝ እኮ!

አስተናጋጇ ምን ልታዘዝ ብላ መጣች። ሻይ አለ ወይ አልናት፤ የለም። ወተትስ? ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እንግዲህ ከእኛ መሀል ቢራ የሚቀምስ አንድም ሰው የለ፤ ለስላሳ አዘዝን። እሱንም አንዱን ጠርሙስ ለሦስት ነው፣ ባዶ ብርጭቆ ጨምሪልን እያልን። ጎረምሶች በበሩ አንገታቸውን ብቅ ያደርጉና ቦታ ሲያጡ ይመለሳሉ። አሰገደች ባንኮኒው ላይ ተደግፋ አንዴ እነሱን አንዴ እኛን ታያለች። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ቤቷን ሞልተን ገበያዋን ዘጋንባት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ልጆቹ ግን ጥሩ ነበሩ፤ ወንድሜ ስለሆነ አይደለም። ሊባን የሚሉት ዘፋኛቸው ድምፁ ጎርነን ያለ ነው፤ አብዱልሐሚድ ደግሞ ከኋላው ቀስ እያለ ሲከተለው አንጀት ይበላል። ከእኛ ቀድመው ጥግ ላይ የተቀመጡ ጠጪዎች ትከሻቸው መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። እናቴ ዳቦውን የፈታችው ልክ እዚያ ላይ ነው።

ቢላ ከባንኮኒው አስመጣች። ቢስሚላህ ብላ ቆረሰች። ልጄ ነው፣ ቅመሱልኝ እያለች በአክስቶቼ እጅ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ አዞረችው፤ ጠጪዎቹም ቢራቸውን አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ቤቱ ዳቦ ዳቦ ሸተተ። ሊባን መሀል ላይ ሳቅ አመለጠው፤ የአብዱልሐሚድ ጣት ሳተ። እናቴ ይህ ሁሉ ለእሷ ምኗም አይደለም፤ እልልታዋን ለቀቀችው። ነጠላዋን ጎተትኩና ሰው እያየን ነው አልኳት። ይየና፣ ልጄ አይደል እንዴ አለችኝ። ያኔ ወንበሬን ከእሷ ራቅ አደረግኩት። ትንሽ ብቻ ነው፤ ግን አራቅኩት።

ዘፈኑ ሲያበቃ አሰገደች ቀጥ ብላ ወደ መድረኩ ሄደች። ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት ነው እንጂ ሁላችንም ሰማናት።

«አብዱ፣ ቁርጡን ንገረኝ። እነዚህ ሰዎች ያንተ ናቸው? ያንተ ከሆኑ በየሳምንቱ መጥተው ሊቀመጡብኝ ነው፤ እኔ ደግሞ ለዚህ ቤት አልከፈትኩም።»

«አላውቃቸውም» አለ።

ደሜ ፈላ። ተነስቼ ልክ ልኩን ልነግረው ስል የእናቴ እጅ ጉልበቴ ላይ አረፈ። ጠረጴዛው ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ ለቀመች፤ ነጠላዋን አጣፋች፤ አክስቶቼን በዓይኗ ጠቀሰቻቸው። አንድ በአንድ መውጣት ጀመርን። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ወደ ባንኮኒው የምትመለሰውን አሰገደችን አስቆመቻት።

«ያ ኪቦርድ የሚመታው ልጅ የማን ልጅ ነው?»

አሰገደች፣ እኔ ምን አውቄ፣ ዛሬ ነው የማየው አለቻት።

«የታደለች ናት እናቱ። እንኳን ደስ አለሽ በዪልኝ።»

የሴትየዋ ፊት ፈታ አለ። ወደ መድረኩ ዞራ ተጣራች፤ አብዱ፣ እኚህ እናት ለእናትህ እንኳን ደስ አለሽ ብለዋል አለችው። እሱ ወለሉ ላይ አጎንብሶ ገመድ ይነካካል። ቀና አላለም።

«እሺ እማማ፣ እነግራታለሁ» አለ።

እማማ! መንገድ ላይ ያያትን አሮጊት እንደሚጠራ።

ሚኒባሱ ውስጥ ገባን። ሰይድ ካሴቱን ዘጋው። እናቴ ባዶውን ጨርቅ ጭኗ ላይ እያጣጠፈች መልሳ ትፈታዋለች። አብዱልሐሚድን በሆዴ ስሰድበው፣ ስሰድበው፣ ወንበሬ ትዝ አለኝ። እሱ በአፉ ተናገረው እንጂ እኔስ ምን አደረግኩ? ከእሷ ዓይን ለመሸሽ በመስኮቱ ወደ ውጪ አፈጠጥኩ።

መግሪብ ሰግደን ስናበቃ አብዱልሐሚድ መጣ። እንደተቀጠሩ ከፊቱ ያስታውቃል፤ ደስ ብሎታል፣ ደስታውን ግን የት እንደሚያስቀምጠው አያውቅም። ያዘጋጀሁት ስድብ ምላሴ ላይ ነበር። እናቴ ቀደመችኝ። እራቱን አቀረበችለት፤ ያስቀረችለትን ዳቦ ከጎኑ አደረገችና ሳታየው ጠየቀችው።

«ቅድም አንዲት ሴትዮ ለእናትህ መልእክት ልካብህ አልነበር?»

«ነበር» አለ፤ ድምፁ አይሰማም።

«ታዲያ ንገራታ።»

ጫማውን እንኳን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።