የመጡበት ምክንያት

ሙስካት ውስጥ አስራ አንድ መርዶ አርድቻለሁ። አስራ አንዱም በወጉ ነው። አንድም ሰው ከእጄ አምልጦ ራሱን ከግድግዳ አላጋጨም፤ አንድም ሰው በስልክ አልሰማብኝም። ይህን የምናገረው ለመኩራራት ነው፣ ለምን እዋሻለሁ። የጽዳት ኩባንያ ሾፌር ነኝ፤ የምኮራበት ብዙ ነገር የለኝም። ከአስራ ሁለተኛው በኋላ ግን ማንም «ጋሽ ታዬ፣ ናና አርዳልን» ብሎኝ አያውቅም። ቢለኝም አልሄድም።

መርዶ ማርዳት ለማያውቀው ሰው አፍ ብቻ የሚበቃው ይመስለዋል። ሥራ ነው። ማለዳ፣ ሰውየው ወዲያ ወዲህ ሳይል ይኬዳል። ቢያንስ አራት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ይናገራል፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ ይይዛሉ፣ አንዱ ውሃ ይዞ ይጠብቃል። ከሚይዙት አንዷ ሟቹን የምታውቅ ብትሆን ይመረጣል፤ በስሙ እየጠራች ታስለቅሳለች። ያልወጣ ለቅሶ ውስጥ ገብቶ ሰው ይበላል። የቆመ ሰው አይረዳም፣ መጀመሪያ ይቀመጣል። ብቻውን የሆነ ሰውማ ጠላት ቢሆን እንኳ አይረዳም።

ዘሪቱን እንዳረዳ የተጠራሁት በእገዳው ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው። መንግሥት ሴቶች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገር እንዳይሄዱ ከልክሎ ነበር። እገዳው የሚሄደውን አላስቀረም፤ ሄዶ ያለው ግን ለዕረፍት አገሩ እንዳይገባ አደረገ፣ ምክንያቱም አንዴ ከገባ ቦሌ ላይ አያሳልፉትም። ዘሪቱም እንደ ብዙዎቹ በጉብኝት ቪዛ ዞራ የመጣች ናት። ሁለት ወንዶች ልጆቿን፣ አማረንና ይትባረክን፣ እናቷ ዘንድ ትታ ሦስት ዓመት በስልክ አሳደገቻቸው። ስልኩንም ማዳሟ የምትሰጣት ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው፣ ለግማሽ ሰዓት።

ትልቁ ልጅ አማረ በሦስት ቀን ትኩሳት ሞተ። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አያትየዋ ለልጇ በስልክ እንዴት ትንገራት? ትንሹም ያወጣዋል ብላ ፈርታ እሱንም ከስልክ ከለከለችው። አራት ዓርብ ሙሉ ዘሪቱ በደወለች ቁጥር ልጆቹ አንዴ ትምህርት ቤት ናቸው፣ አንዴ አክስታቸው ዘንድ ሄደዋል፣ አንዴ ተኝተዋል። በአራተኛው ዓርብ ዘሪቱ እናቷን፣ በሚመጣው ልጆቼን ካላገናኘሽኝ ጨርቄን ጥዬ አብዳለሁ አለቻት። አያትየዋ ማታውኑ ውድነሽ ዘንድ ደውላ አለቀሰች። የዓርቡ ስልክ ሳይደርስ፣ በሰው መካከል ሆና ትረዳልኝ አለች። ልመናዋ ይኼው ብቻ ነበር።

ውድነሽ የዘሪቱ የአገር ቤት ጎረቤት ናት፤ አማረን በጀርባዋ አዝላ አሳድጋዋለች። ከአሠሪዎቿ ጠፍታ በየቤቱ በሰዓት የምታጸዳ ናትና መታወቂያ የላትም። ወደ እኔ መጣች። እኔም ዮሐንስን ጠራሁ፤ ዘበኛ ነው፣ ክንዱ ጠንካራ ነው፣ ከአሁን በፊትም አብሮኝ ይዟል። አራተኛዋ ሀዋ ናት። ሀዋ የወሎ ልጅ ናት፣ አል ኹድ ሰፈር ውስጥ ከዘሪቱ አሠሪዎች አጠገብ ያለው ቤት ትሠራለች፤ ልብስ ሲያሰጡ በግንብ ላይ ያወራሉ። የእሷ ማዳም ደግ ናት፣ ፈቃድ ትሰጣታለች።

የዘሪቱ አሠሪዎች ግቢ በር ለእኛ ብጤ አይከፈትም። ሁለቴ ሞክረናል። ሀዋ ግን ወሬ ይዛ መጣች፤ ቤተሰቡ ከረቡዕ ጀምሮ ወደ ዪቲ በሚወስደው መንገድ ያለ የባሕር ዳር ሆቴል ሊያርፍ ነው፣ ዘሪቱም ልጆች ለመያዝ ትሄዳለች። ደስ አለን፣ ይህን አልደብቅም። ሆቴል የማንም ነው፣ ሰው ሲገባ ሲወጣ የሚውልበት ቤት ነው አልን። ሐሙስ ማለዳ በኩባንያው ሚኒባስ ተነሣን። ውድነሽ ጥቁር ለብሳ መጣችና ተቆጣኋት፤ የሚረዳ ሰው ጥቁር አይቶ መደንገጥ የለበትም። ከላይ የሀዋን አባያ ደረበችበት። እሱም ጥቁር ነው፣ ግን እዚህ አገር ጥቁር አባያ ምንም አይናገርም።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ደረስን። እንግዳ መቀበያው ላይ የቆመው ልጅ ክራቫት ያሰረ፣ ሳቂታ ልጅ ነበር። ክፉ አልነበረም። ይህን በተናገርኩ ቁጥር የእኛ ሰዎች ይቆጡኛል። ክፉ ቢሆን ኖሮ እጠነቀቅ ነበር። የውጭ ጎብኚ የሚገባው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ነው አለና በመስታወት የተሸፈነ ወረቀት አሳየኝ። የሆቴሉ ደንብ ነው። ሁለት ሰዓት ድረስ መኪና ውስጥ ቁጭ አልን። ፀሐይዋ ወጥታ መስታወቱን አጋለችው። ሀዋ ልትሰግድ ፈልጋ ቦታ አጥታ መቀመጫዋ ላይ ሆና ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር።

በሁለት ሰዓት ተመለስን። ልጁ አራት መሆናችንን አይቶ አዘነ፤ ለአንድ ክፍል ከሁለት ጎብኚ በላይ አይፈቀድም። እነሱም ቢጣቃቸውን፣ መታወቂያቸውን፣ እዚህ ማስያዝ አለባቸው። ውድነሽ በዚያው ከቁጥር ወጣች፣ ምን ታስይዛለች? ከዮሐንስና ከሀዋ ደግሞ ሴቷ ትሻላለች፣ ሴት አብራው ካልሆነች ወንድ መኝታ ክፍል ድረስ አያስገቡም። ቀረነው ሀዋና እኔ። እናገራለሁም እይዛለሁም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከአባት የወረደ ወግ እንዲህ ነው በልክ በልክ እየተቆረጠ የሚያልቀው፤ እኔው ራሴ ነበርኩ የምቆርጠው።

ቅጹን ሰጠኝ። ስም፣ የቢጣቃ ቁጥር፣ የክፍል ቁጥር፣ እሱን ልጁ ነገረኝ፣ ከዚያ የመጡበት ምክንያት። «ቤተሰብ» ብዬ ሞላሁ። ልጁ ለዘሪቱ ምኗ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ያገሯ ሰው ነኝ አልኩት። እንግዲያው ቤተሰብ አይደለህም፣ ሰር፣ አለኝ በትሕትና። ሰርዤ «ሰላምታ» አልኩ። ልጅቷ እንግዳ አይደለችም፣ የእንግዳ ሠራተኛ ናት፤ ለሰላምታ ከሥራዋ ላስነሣት አልችልም፣ ማዳሟ ብትጠይቀኝ የምመልሰው ነገር ያስፈልገኛል አለኝ። ልክ ነው። በሱ ቦታ ብሆን እኔም ይህንኑ እል ነበር።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ባገራችን ሞት ያለበት ቤት በር አይዘጋም። ባለጋራም ቢሆን ለቅሶ መጣሁ ካለ ይገባል። እውነቱን ብጽፍለት ልጁ ራሱ እየመራ ይወስደናል ብዬ አሰብኩ። እንግሊዝኛ እጽፋለሁ፣ አስረኛ ክፍል ደርሻለሁ። እስክሪብቶውን ሳነሣ ሀዋ እጄን ያዘችኝ።

«ጋሽ ታዬ፣ እንዳትጽፈው። እሷ ሳትሰማ ወረቀት ላይ አይውጣ።»

«ወረቀት አፍ የለውም፣ አንቺ ልጅ» አልኳት። ስለ መርዶ ልታስተምረኝ መሞከሯ አናዶኝ ነበር። እጇን አስለቅቄ ጻፍኩ። ልጇ ሞቷል። በቃ ይኸው፤ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ።

ልጁ አነበበና ፊቱ ተለወጠ። በጣም አዝናለሁ አለኝ፣ ከልቡ ነበር። ከዚያ ስልኩን አነሣ። ወረቀቱን ከፊቱ አስተካክሎ አስቀመጠ። ለማን እንደሚደውል እንኳ አልገባኝም ነበር፤ ለአለቃው መስሎኝ ነበር። ቁጥሩን ሲጫን ግን አየሁት፤ እኔ ራሴ የሞላሁት የክፍል ቁጥር ነው። ደንቡ እንዲህ ነው ለካ፤ የጎብኚው ስምና የመጣበት ምክንያት ለክፍሉ ተነግሮ እሺታ ካልተገኘ ማንም አይወጣም።

ማዳሟ ተኝታለች። ማዳም ስትተኛ ስልክ የምታነሣው ማን ናት? ሠራተኛዋ ናት።

«ዘሪቱ?» አለ ልጁ። ስሟን ስትሰማ ሀዋ «ላ፣ ላ፣ ላ»፣ አይሆንም፣ እያለች ባንኮኒውን በመዳፏ መታችው። እኔ በላዩ ተንጠራርቼ ስልኩን ልነጥቅ ስል ከኋላ የሆቴሉ ጥበቃ ወገቤን ያዘኝ። ልጁ ባንድ እጁ ታገሡኝ እያለ፣ በዚያች ሁላችንም በምንግባባባት ስባሪ ዐረብኛ፣ ቃል በቃል አነበበላት። ድምፁ ፎጣ ይጨመርልሽ ወይ ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው ለስላሳ ነበር።

«ሁለት ጎብኚ አለሽ። ታዬ፣ ሀዋ። ምክንያት፣ ወለድ ማል ኢንቲ ሞት። ይምጡ ወይስ አይምጡ?»

ልጅሽ ሞተ ማለት ነው። ሦስት ዓመት ሰው ቤት የኖረች ሴት ይህን ለመስማት አስተርጓሚ አያሻትም።

ከዚያ ልጁ አዳመጠ።  የስልኩን አፍ በእጁ ሸፍኖ ወደኔ ዞረ።

«የትኛው ልጅ ነው ትላለች።»

ያኔ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ። የሁለቱንም ድምፅ ካልሰማች ወር አልፏታል። አሁን እዚያ ላይ ሆና በሁለቱም ላይ ሞትን እያፈራረቀች ነው። ልጁን ለመንኩት፤ ልውጣና ልንገራት፣ ሁለት ደቂቃ፣ አብረኸኝ ውጣ፣ ከፈለግህ እጄን እሰረኝ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ላይ ያለችው እሺ ካላለች አይቻልም፣ እሷ ደግሞ መልስ እየጠበቀች ነው። ሀዋ እንባዋ እየወረደ አየችኝ። ዝም ብል ዘሪቱ ሁለት ልጅ ሞቶባት ልትቀር ነው። ብናገር ደግሞ መርዶዋን በማያውቃት ሰው አፍ አረዳኋት ማለት ነው።

«አማረ» አልኩ።

ልጁ ወደ ስልኩ ተመለሰ። «አሜር» አለ። አልተሳካለትም፤ እንደገና ሞከረ። «አ-ማ-ረ።» ሁለተኛው ትክክል ነበር። ጥሩ አድርጎ ጠራው።

 ራሱን ነቀነቀ፣ ሁለቴ። ስልኩን አስቀመጠ።

ምን አለች አልኩት። ሹክራን፣ አመሰግናለሁ፣ አለች አለኝ። ከዚያ ሌላስ? ሌላ ደግሞ አትምጡ ብላለች፤ ማዳሟ ተኝታለች፣ ልጆቹም ይነቃሉ። እንግዲህ እሺታ ስላልተገኘ ወረቀቱን ይሠርዘዋል። ቢጣቃችንን በሁለት እጁ መለሰልን። በድጋሚ አዝናለሁ አለ። ቅጹ ላይ የወጣንበትን ሰዓት እንድሞላ እየጠበቀኝ ነበር፣ ሞላሁለት። ለምን እንደሞላሁ አላውቅም።

ውጭ ዮሐንስና ውድነሽ ከሚኒባሱ ጥላ ሥር ቆመው ነበር። ፊታችንን ሲያዩ ተነቃነቁ።

«ተረዳች?» አለች ውድነሽ።

«ተረዳች።»

«ማን ያዛት?»

 ሀዋ መሬት ላይ ተቀምጣ በሻሿ ተሸፋፍና ኢናሊላሂ እያለች ታለቅሳለች። ዮሐንስ ለዘሪቱ ያመጣውን የውሃ ጠርሙስ እንደያዘ ነው። እኔ ጩኸት እጠብቅ ነበር። አስራ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ መቼ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ትንፋሽ ይቆማል፣ ከዚያ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ሰውየው ይተርፋል። ጆሮዬን ወደ ሕንፃው ሰጥቼ ቆምኩ። አትክልት የሚያጠጣው ውሃ ይንሿሿል፣ ቁርስ ቤት ሳህን ይንኳኳል። ሌላ ምንም አልተሰማም። አለመጮኋ ከጩኸት ሁሉ ይልቅ አስፈራኝ።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ መጋረጃ ተገለጠ። ዘሪቱ ናት። የማዳሟን ትንሽ ልጅ ትከሻዋ ላይ አጋድማ ጀርባውን መታ መታ እያደረገች ታስተኛዋለች። ቆማ ነበር፣ ብቻዋን። ቁልቁል እየፈለገች እኔን አለፈችኝ፤ ውድነሽ ላይ ስትደርስ ቆመች።

ውድነሽ አባያውን ከላይዋ ጣለች። ጥቁሩ ልብሷ ወጣ። ሁለት እጇን ደረቷን ልትመታ አነሣች፣ አፏን ከፈተች፣ «አማሬ...» ብላ ጀመረች።

ዘሪቱ ከመስታወቱ ወዲያ ሆና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። በዓይኗም ወደ ሕፃኑ አመለከተች፤ ገና መተኛቱ ነበር።

የውድነሽ እጆች አየር ላይ ቀሩ። ውድነሽ እስክታወርዳቸው ድረስ ዘሪቱ ጠበቀቻት፣ ከዚያ መጋረጃውን መለሰችው።