ኖር ለአዲሱ ፕሬዚዳንት

እኔ ጀማነሽ ካዛንቺስ ካፌ ስከፍት ማኪያቶ ልሸጥ ነበር እንጂ የሰው ነገር ላጣራ አልነበረም። ግን ምን ላድርግ፣ ጆሮዬ አያርፍም! ያን ሰሞን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ ሁለቱ ደንበኞቼ ነው።

ወይዘሮ ትበርህና አቶ ኃይለገብርኤል ሁለቱም ዳኞች ናቸው። ከሕግ ትምህርት ቤት ጀምሮ ጓደኛሞች፤ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ጋ ተቀምጠው፣ እንደ ልጅ እየተነቋቆሩ፣ አንድ ሳህን ፉል ለሁለት ይበላሉ። የፍርድ ቤታቸው ፕሬዚዳንት ጡረታ ሲወጡ፣ ወንበሩ የወይዘሮ ትበርህ ነው ያላለ ሰው የለም። አቶ ኃይለገብርኤል ራሳቸው «ከእሷ ሌላ ማን አለ?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዚያ የእጩው ስም ተሰማ፦ አቶ ኃይለገብርኤል። ጉድ ፈላ! አንዱ ጋዜጣ «መንግሥት ላይ ስለፈረደች ነው የታለፈችው» አለ፤ ሌላው «የለም፣ ችሎታ ታይቶ ነው» አለ። ሹመቱ ምክር ቤት በቀረበ ዕለት ወይዘሮ ትበርህ እዚሁ ካፌዬ ቁጭ ብለው በቴሌቪዥን ተከታተሉ። አንድ የተቃዋሚ ፓርቲ አባል ተነስቶ «በልምድ የምትበልጠዋ ለምን ታለፈች?» ብሎ ጠየቀ። ማን ይመልስለት! ሰብሳቢው ሰዓትህ አልቋል አለው። እጅ ወጣ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ፣ አቶ ኃይለገብርኤል ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ወይዘሮ ትበርህ አጨበጨቡ። ከልባቸው ይሁን ከአንገት በላይ፣ ልጠይቅ ምላሴን በላኝ።

በማግስቱ አቶ ኃይለገብርኤል አዲስ ሱፍ ለብሰው ገቡ። ወይዘሮ ትበርህ ፉሉ ላይ ነበሩ። ብድግ አሉና «ኖር!» አሉ።

በቃ፣ ደነገጥኩ። ኖር የሚባለው ለትልቅ ሰው ነው፤ ከአንድ ሳህን የሚጎርሱ እኩዮች ምን በወጣቸው!

«በእግዜር! ኧረ በሞቴ ተቀመጪ» አሉ አቶ ኃይለገብርኤል እየሳቁ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህና እቀመጣለሁ» አሉ ወይዘሮ ትበርህ። «ለሹመቱ ሲጠሩህ ‹ትበርህስ?› ብለሃል?»

የእኔም ጥያቄ ይኸው ነበር! ትሪዬን እንደያዝኩ ጠጋ አልኩ፤ ይሉኝታ የት አባቱ።

የአቶ ኃይለገብርኤል ሳቅ ጠፋ። «አላልኩም።»

«ለምን?»

«ብጠይቅ ሐሳባቸውን የሚለውጡ መሰለኝ። ፈራሁ፣ ትበርህ።»

ወይዘሮ ትበርህ አንጀቴን በሚበላ ዓይን አዩዋቸው። «ወንበሩን ውሰደው» አሉ። «እኔ የጎደለኝ እሱ አልነበረም።»

ከዚያ ተቀመጡ። ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡና ብቻቸውን መብላት ጀመሩ። አዲሱ ፕሬዚዳንት፣ ያ ችሎት ሲገቡ ሰው ሁሉ የሚነሳላቸው ሰውዬ፣ እንደ ተከሳሽ ቆመው ቀሩ። ተቀመጥ የሚላቸው አጡ። እኔም፣ ለገባ ሁሉ «ኧረ ተቀመጡ» ማለት እንጀራዬ የሆነው ሴትዮ፣ አላልኩም።